ለአንዲት ብልቃጥ እንጦጦ ደርሶ መልስ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። "ምን አየሽ? ከተማው እንዴት ነው?" ያላለኝ ሰው የለም፤ የአርባ ምንጭ ሆስፒታላችን ዘበኛ ሳይቀር በር ላይ አቁሞ ጠይቆኛል። ለእያንዳንዱ መመለስ ስላቃተኝ ይኸው ጻፍኩት። ፎቅና ሐውልት የምትጠብቁ ካላችሁ ከአሁኑ ተዉት። እኔ በሄድኩበት ሁሉ ዓይኔን ተክዬ ያየሁት የሰው ፊትና የአይስ ቦክስ ቴርሞሜትር ብቻ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። ጥፋቴም እዚያው ውስጥ ስላለ ቶሎ ልገላገለው።

በላብራቶሪያችን ውስጥ የቲቢ ታማሚ በኖረበት ቤት ያሉ ሰዎች ጀርሙ ገብቶባቸው እንደሆነ የምናይበት ምርመራ አለ። ጀርሙን የሚያውቅ ነጭ የደም ሴል ጠላቱን ሲያገኝ ሌሎቹን ይጠራል። ጥሪው ድምፅ የለውም፤ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ፕሮቲን ነው። ያንን ፕሮቲን ፈልጎ የሚይዝልን ደግሞ አንቲቦዲ ነው። ቀለም የሚያወጣ ነገር ስለተጣበቀበት፣ ፕሮቲኑን ከያዘ ቀለም ይታያል፤ የሚይዘው ካጣ ውሃው እንደ ውሃ ይቀራል። አንቲቦዲው ቅዝቃዜ ይወዳል፣ በረዶ ግን ይገድለዋል። ይህንን ለተለማማጆች ስንት ዓመት በቁጣ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ታዲያ አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ "እንዳይሞቅብኝ" ብዬ በገዛ እጄ ከማቀዝቀዣው አውጥቼ በረዶ ቤቱ ውስጥ አስገባሁት። መብራቱ መጣ፣ እኔ ረሳሁት። በማግስቱ ስከፍተው ብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር ጠጠር ሆኗል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አልቅሼ ዝም እል ነበር። ግን ዘነበች አለች። ዘነበችን ገበያ ላይ ሞሪንጋ ስትሸጥ ታውቋታላችሁ፤ ባሏን ዓምና ቲቢ ወሰደባት። ስድስት ዓመት የሆናት ሰላም የምትባል ልጅ አለቻት። ጤና ጣቢያው ለልጅቷ በሽታው እንዳይነሳባት የሚከላከል ክኒን ሰጥቷት ነበር፣ እናትየዋ ግን አሻፈረኝ አለች።

"ላልታመመች ልጅ መድኃኒት አላስውጥም" አለችኝ። "ባሌም እኮ መድኃኒቱን እየዋጠ ነው የሞተው። ልጄ ውስጥ ያለ ነገር ካለ በዓይኔ አሳዪኝ ሲስተር፣ ያኔ እሰጣታለሁ።"

አሳይሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። የእናትና የልጅን ደም ወስጄ፣ ሴሎቹ ከጀርሙ ቁራጭ ጋር አድረው ፈሳሹ ተለይቶ በረዶ ቤት ተቀምጧል። የቀረው መያዣው ብቻ ነበር፣ እሱን ደግሞ እኔው ገደልኩት። ዘነበች በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ልጇን ይዛ ወንድሟ ወዳለበት እርሻ፣ ጥጥ ለቀማ ልትሄድ ተነስታለች። ከሄደች ማን ያገኛታል? የሕፃን ልጅ ሳንባ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። አዲስ አንቲቦዲ ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። የካ ክፍለ ከተማ ያለ አንድ የምርምር ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠሩ ዶክተር በስልክ "እኛ ጋ ትርፍ አለ፣ መጥተሽ ውሰጂ" ሲሉኝ ፈቃድ ሞልቼ ተነሳሁ።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ ነው ከአርባ ምንጭ የወጣነው። ወንበሬ ከሾፌሩ ጀርባ ሦስተኛው ነው፣ አይስ ቦክሱን ጭኔ ላይ አስቀምጫለሁ። ባዶ ግን አልነበረም። የማርፈው እነ ሰሚራ ቤት ነው። ሰሚራና ባሏ ጀማል አጥር ለአጥር ኖረን፣ ልጆቻችንን አብረን አሳድገን፣ ለንግድ ብለው ወደ አዲስ አበባ የሄዱ ጎረቤቶቼ ናቸው። እንደዚህ ያለ ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ሥጋ እንዳልወስድ እነሱ ሙስሊም እኔ ክርስቲያን፤ የእኔን እርድ እነሱ አይቀምሱም። ዓሣ ግን የሁላችንም ነው። ስለዚህ የጫሞ ሐይቅን ቆሮሶ አጥቤ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ በረዶ ከታች ከላይ አድርጌ ላብራቶሪው በሰጠኝ ሣጥን ውስጥ ደረደርኩት። ሲመለስ ሥራ የሚጠብቀው ሣጥን ሲሄድ ለምን ባዶውን ይሂድ? ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሶዶ ላይ ቁርስ በላን። ሆሳዕናን አልፈን ወደ ቡታጅራ ስንቃረብ አጠገቤ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ መምህር ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አዩና፣

"እመቤት፣ ሣጥንዎ እያለቀሰ ነው" አሉኝ።

በረዶው ቀልጦ የዓሣው ውሃ የሰውየውን ካልሲ አርሶታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ካልሲያቸውን አውልቀው በመስኮት ጨመቁት፣ ከቦርሳቸው ትልቅ ፌስታል አውጥተው ሣጥኑን ራሳቸው ጠቀለሉልኝ። "እኔም የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ፣ ይሸተኛል ብዬ አልዋሽም፣ ናፈቀኝ እንጂ" አሉ። እስክንደርስ ድረስ ስለ ዓሣ ሲያጫውቱኝ መንገዱ አለቀ።

ከመናኸሪያ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ የካ ሚካኤል በታክሲ ሄድኩ። መገናኛን እንዴት ልንገራችሁ? የእኛ የሲቀላ ገበያ ቅዳሜ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ቸኩሎ፣ ማንም ሰላም ሳይባባል። ሰሚራ ታክሲው የሚቆምበት ድረስ ወጥታ ጠበቀችኝ።

"ታዴ! ምነው እንዲህ ከሳሽ?" አለች እየሳመችኝ።

"አንቺስ ሽበቱን ከየት አመጣሽው?"

መንገድ መሃል ቆመን ስንሳሳቅና ስናለቅስ መኪና ጡሩንባ ነፋብን። ቤታቸው ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ ነው። እኛ ጋ በሁለት ቤት መካከል የማንጎ ዛፍ አለ፤ እዚያ ግን ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ "ይማርህ" ይባላል። ሰሚራ ሣጥኑን ከፍታ ቆሮሶውን ስታይ አንዱን አንስታ አሸተተችው። "የጫሞ ነው?" አለች፣ ዓይኗ በእንባ ሞላ። ጠበሰችው፤ ጀማል ጭንቅላቱን አጥንት ባጥንት እየመጠመጠ ጨረሰ።

ማክሰኞ

ሣጥኑን በሳሙና አጥቤ ወደ ሲኤምሲ ወረድኩ። የታክሲው ሰልፍ እባብ ይመስላል፤ ደግሞ ሰዉ ተሰልፎ ዝም ይላል። እኛ ጋ ሰልፍ ላይ የማይታወቅ የሰው ጉድ የለም፣ እዚያ ሁሉም ስልኩን ያያል። ባቡሩ ከጎናችን ታጭቆ ሲያልፍ፣ መስታወቱ ላይ ጉንጩን የለጠፈ ሰውዬ በዓይኑ ሰላም አለኝ።

ላብራቶሪው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ንጹሕ ግቢ ውስጥ ነው። ሊዲያ የምትባል ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ተቀበለችኝ። ደብዳቤዬን አነበበች፣ ፈገግ አለች፣ ሣጥኑን ከፈተች። ፈገግታዋ እዚያው ላይ ቀረ።

"ማዘር፣ ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?"

"ዓሣ ነው" አልኩ። ምን ልበል?

"አንቲቦዲ በዓሣ ሣጥን?" አለች። ከዚያ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች። "ሶሪ ማዘር። በዚህ ግን መስጠት አንችልም። ሣጥን እንኳን እናውሳለን፤ ችግሩ ሌላ ነው።"

ችግሩ ይህ ነው። "ነይ ውሰጂ" ያሉኝ ዶክተር ለስብሰባ ውጭ አገር ሄደዋል። ማቀዝቀዣው በቁልፍ ይዘጋል፤ ቁልፉም የርክክብ ፊርማውም አቶ ግርማ የሚባል ቴክኖሎጂስት እጅ ነው። አቶ ግርማ ደግሞ የታመሙ እናቱን ይዞ እንጦጦ ማርያም ጸበል ገብቷል። የሰባት ቀን ሱባኤ ይዟል፣ ስልኩን ዘግቷል፣ እስከ ዓርብ አይወርድም።

"ዓርብ ማታ እኔ ውጤት ይዤ አርባ ምንጭ መገኘት አለብኝ" አልኳት።

"እኔ ብሆን ሄጄ ለምኜ አመጣው ነበር" አለች ሊዲያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሰፈሩን ምልክት በወረቀት ጻፈችልኝ።

ወደ የካ ሚካኤል ተመለስኩ። የራሴ ሞኝነት ሳያንስ የዓሣው ሐፍረት ተጨመረበት። ሰሚራ የቀኑን ውሎ ሰምታ ስትጨርስ በማጽናናት ጊዜ አላጠፋችም። ሎሚ ቆርጣ ሣጥኑን መፈተግ ጀመረች። "ነገ አብረን እንወጣለን" አለች። "ጀማል ሱቁን ይይዛል። አንቺን ብቻሽን ብለቅሽ ከሰውዬው ጋር ተጣልተሽ ነው የምትመጪው፣ አውቅሻለሁ።"

ረቡዕ

እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ፣ ከዚያ ዳገቱን በሌላ ታክሲ ወጣን። መኪናው ሲያቃስት ሰሚራ በሆዷ ዱዓ ስታደርግ፣ እኔም በልቤ ስጸልይ፣ ሾፌሩ በአንድ እጁ ይነዳል። ላይ ስንደርስ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ለእናንተ እንዲገባችሁ፣ ጨንቻ ተራራ ላይ ጠዋት የሚነፍሰውን ነፋስ አስቡት፤ በቀርከሃ ፈንታ ባሕር ዛፍ ትከሉበት። ሳንባዬ የቆላ ሳንባ ነው፣ አሥር እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ። ሰሚራም ሂጃቧን አፏ ላይ አድርጋ ታለከልካለች። ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያኑ የሚወርዱ ሰዎች እየቆሙ "አይዟችሁ" ይሉናል።

ጸበልተኞች የሚከራዩአቸው ትንንሽ የጭቃ ቤቶች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወዲያ ተበታትነዋል። ጧፍ የምትሸጥ ሴት ስንጠይቅ "የቢሮ ሠራተኛው ልጅ ያላቸው አሮጊት" ብላ በጣቷ አሳየችን። የግርማ እናት እማማ ፋንታዬ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ የሰሚራን ሂጃብ አዩ።

"አንቺም ለጸበል ነው ልጄ?"

"የለም እማማ፣ እኔ ለጓደኛዬ ነኝ" አለች ሰሚራ።

"እሱም ጸበል ነው። ግቡ፣ ብርድ አይምታችሁ።"

ማን እንደሆንን፣ ምን እንደፈለግን ሳይጠይቁ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልን። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም፤ እኛ ስንበላ ግን "ያቺን ደግሞ፣ ትልቋን" እያሉ ያጎርሱናል። ትንሽ ቆይቶ አቶ ግርማ የጸበል ጀሪካን ተሸክሞ በባዶ እግሩ ገባ። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ጢሙን ያልተላጨ፣ እርጋታ ያለው ሰው ነው። ጉዳዬን ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና ጀሪካኑን አስቀመጠ።

"እትዬ፣ ስልኬን የዘጋሁት አውቄ ነው" አለ። "ሰባት ቀን ካጠገብሽ አልለይም ብዬ ለእናቴ ቃል ገብቻለሁ። ሁልጊዜ ሥራ አለኝ እያልኩ ነው የኖርኩት። ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። እንዴት ልውረድ?"

ደሜ ፈላ። ሰሚራ ክርኔን ብትነካኝም አልሰማኋትም። "እርስዎ የላብራቶሪ ሰው ነዎት ወይስ ባሕታዊ?" አልኩት። "እዚያ ታች አንዲት ሕፃን አለች እኮ!"

ግርማ አንገቱን ደፋ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በበረዶ ብልቃጡን የገደልኩት እኔ፣ የሰውን ስእለት የምፈታው ደግሞ እኔ። በራሴ አፈርኩ።

እማማ ፋንታዬ ቀና ብለው አዩኝ። "ምን የሚባል ነገር ነው ልጄ የምትፈልጊው?" አሉኝ።

እንደምንም አስረዳኋቸው። ደም ውስጥ ያለ ዘበኛ ጠላት ሲያይ እንደሚጣራ፣ እኛ ያንን ጥሪ በቀለም እንደምናየው፣ የማታምን እናት እንዳለች፣ ቅዳሜ ልትሄድ እንደሆነ። እያፏጩ በጥሞና ሰሙኝ።

"እና እናትየዋ ምን አለች?"

"በዓይኔ አሳዪኝ አለች።"

"ልክ ናት" አሉ እማማ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እኔም እኮ ሰባት ቀን ካጠገብሽ አልለይም ስትለኝ፣ እስቲ አሳየኝ ነው ያልኩህ። አምስት ቀን አሳየኸኝ። አየሁ። በቃኝ፣ አሁን ሂድ።"

"እማዬ፣ ቃል እኮ..."

"እመቤቴን እኔ አናግራታለሁ። አንተ ሂድ።"

"ትንፋሽሽ ቢያጥርስ? ብቻሽን እንዴት እተውሻለሁ?"

"እኔ እቀመጣለሁ" አለች ሰሚራ። ሁላችንም ዞር ብለን አየናት። መቀነቷን አጥብቃ እጅጌዋን ሰብስባ ነበር፣ የእናቷ ቤት ያለች ነው የምትመስለው። "ሱቅ አለኝ ወይ ዛሬ? የለኝም። እማማ ጋ እውላለሁ።"

ግርማ ሂጃቧን አየት አደረገና እናቱን አየ።

"ምን ታያለህ?" አሉ እማማ። "ቆንጆ ልጅ ናት፣ ታጫውተኛለች። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ና፣ አብረን እንቀምሳለን።"

ቁልቁል ስንወርድ ግርማ ጫማውን ያደረገው ታክሲ ውስጥ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩት። "እኔም ብሆን እንዲሁ እላለሁ እትዬ" አለ። መንገዱ በመኪና ተዘግቶ ነበር፣ በየመብራቱ ሰዓቱን ያያል። እኔም አንድ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቱ ጋ እንዲደርስ እንዲህ አጥብቄ የተመኘሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ላብራቶሪው ስንደርስ ሣጥኔን አሸተተው። "ሎሚ፣ ከሥሩ ደግሞ ዓሣ" አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። የራሳቸውን ንጹሕ ሣጥን አመጣ። ከማቀዝቀዣው የወጣችው ብልቃጥ የትንሽ ጣቴን ጫፍ ታክላለች፤ ውስጧ ያለው ደግሞ ለዓይን ውሃ ነው። እሱ ጓንቱን አድርጎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ግማሹን በሌላ ብልቃጥ ገለበጠልኝ። የበረዶውን እሽግ ቀጥታ አላስገባውም፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እስኪያልበው ጠበቀ። ካላበው ወዲያ ነው በጋዜጣ ጠቅልሎ ከብልቃጡ አርቆ ያኖረው። ሰዓቱ ይሮጣል፣ እሱ ግን ያቺን ላብ ይጠብቃል።

"ያለፈውን በበረዶ የገደልኩት እኔ ነኝ" አልኩት። ለማንም ያልተናገርኩትን ነው።

ቀና ብሎ አየኝ። "እኔም ገድያለሁ" አለ። "ይኸውልዎ፣ ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የምፈራው።"

ፈረምኩ፣ ፈረመ፣ ሮጠ።

ሰሚራ ወደ ቤት የመጣችው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ገና ከበር "ደረሰ?" አልኳት።

"ዘጠኝ ከሩብ። እማማ አልቀመሱም፣ ጠበቁት። አንድ ጊዜ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር፣ ደግፌ አስቀመጥኳቸው፣ አለፈ። ስንት ነገር አጫወቱኝ መሰለሽ! ለአማትሽ ይህን በያት ሳይቀር መክረውኛል።" ከዚያ መሬት መሬት እያየች ጨመረች፣ "ስወጣ ግንባሬን ሳሙኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ግንባሬን የሳመኝ የለም።"

ሰሚራን የማውቃት በቀልዷ ነው። ያን ዕለት ግን እጄን ይዛ ተቀመጠች።

ብልቃጤ ያደረችው ጀማል ሱቅ፣ የለስላሳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ቴርሞሜትሬን አስገብቼ ሞከርኩት፤ አምስት ዲግሪ፣ ልክ እንደሚፈለገው። ጀማል አንዱን መደርደሪያ ሙሉ አስለቅቆ፣ በትልቁ "አይሸጥም" ብሎ ጻፈበት። ከዚያ በኋላ ለስላሳ ሊገዛ የመጣ ሁሉ "እሱ ምንድን ነው?" እያለ አላስቀምጥ አለው።

ሐሙስ

ጠዋት ጀማል ራሱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ሰሚራ በርበሬ ቋጥራልኛለች፤ ለሰላም ደግሞ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ልካለች። "አርባ ምንጭ ላይ ሹራብ?" ብላት "እንጦጦን ካየሁ ወዲህ ልጅ ሁሉ የበረደው ይመስለኛል" አለች። ሣጥኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ገባሁ። ሶዶ እስክንደርስ ቴርሞሜትሩ ከአምስት አልተነቃነቀም፣ እኔም ከሣጥኑ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ቁልቁለቱን ወርደን ሁምቦ አካባቢ ሙቀቱ ፊታችንን ሲመታው ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማውም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ሰዉ ጥላ ፍለጋ ተበተነ። እኔ ሣጥኑን ከፍቼ ሳየው ሰባት፣ ትንሽ ቆይቶ ስምንት። ከስምንት ካለፈ ይበላሻል። መንገድ ዳር የማንጎ ጭማቂ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ማቀዝቀዣዋን በዓይኔ ስበላው አይታ "ምን ልስጥሽ?" አለችኝ።

"ቦታ" አልኳት።

ነገሩን በሁለት ቃል ነገርኳት። ከማቀዝቀዣዋ ሁለት ጆግ ሙሉ ጭማቂ አውጥታ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችና ብልቃጤን አስገባችልኝ። ጭማቂው ሊበላሽባት ሲል ተሳፋሪውን ሁሉ ጠርቼ ጠጡ አልኳቸው፤ ሾፌሩ ሳይቀር ሁለት ብርጭቆ ጠጣ። ጎማው ተጠግኖ ስንነሳ ቴርሞሜትሬ ስድስት ይላል። ቤቴ ሳልገባ ቀጥታ ሆስፒታል ሄጄ ብልቃጧን ቦታዋ አስቀመጥኳት። የበረዶ ቤቱን በር ደግሞ በፕላስተር አሸግኩት።

ዓርብ

ጠዋት ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ የፈራሁት መሞከሪያውን ነው። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና አለን፤ እሱ ቀለም ካላወጣ አንቲቦዲው መንገድ ላይ ሞቷል ማለት ነው። ጠብታውን ጨምሬ ቆምኩ። ምንም። ዘወር አልኩ፣ ተመለስኩ። ከምርመራ ሳህኗ ትንሿ ጉድጓድ ጥግ ቀጭን ሰማያዊ ነገር ብቅ አለ፣ እየሰፋ መጣ። ብቻዬን ስለነበርኩ ጮክ ብዬ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ዘነበች ከሰዓት በኋላ ሰላምን ይዛ መጣች። ወንበር ብሰጣት አልቀመጥም አለች። የእሷንና የልጇን ናሙና እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። የቀለሙን ለውጥ ማቆሚያውን አሲድ ስጨምርበት ሰማያዊው ቢጫ ሆነ። ሳህኗን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጌ አቀረብኩላት።

"ቢጫዎቹ የማን ናቸው?" አለች።

"የሰላም" አልኳት።

"ውሃ የሚመስሉትስ?"

"ያንቺ።"

ጣቷን ከፍ አድርጋ ወደ ቢጫዎቹ አስጠጋች፣ ግን አልነካችም። "ከሱ ጋር አንድ አልጋ የተኛሁት እኔ" አለች። "አክታውን የጠረግኩት እኔ። ምነው የኔ በሆነ፣ ሲስተር? ምነው የኔ በሆነ?"

ትከሻዋን ያዝኩ። ልጅቷ እንዳልታመመች፣ ጀርሙ ተኝቶ እንዳለ፣ ሳይነሳ ክኒኑ እንደሚያጠፋው ነገርኳት። መስማቷን እንጃ። ሰላም ጠረጴዛውን ተንጠራርታ "ቢጫው ደስ ሲል" አለች።

ዘነበች ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ መፍታት ጀመረች፣ ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር በጥርሷ አገዘችው። ውስጡ ጤና ጣቢያው የሰጣት ክኒን ነበር። ስንት ሳምንት ሙሉ፣ ገበያ ስትውል፣ ከእኔ ጋር ስትከራከር፣ ይዛው ነው የኖረችው።

"ውሃ አለሽ?" አለችኝ።

ሰጠኋት። አንዱን ክኒን ከላስቲኩ አወጣች፤ ልክ ትኩስ ምግብ ለልጅ ሲሰጥ እንደሚደረገው መጀመሪያ በምላሷ ጫፍ ቀመሰችው፣ ፊቷም ኮሶ የጠጣች ያህል ተጨማደደ።

"ይመራል" አለቻት ለሰላም። "አይመርም ብዬ አልዋሽሽም።"

ልጅቷ እናቷን አየቻት፣ አፏንም ከፈተች።